ኦርጅናሉን እንደሆን አልገዛውም ነበር

ምልልሱ የተካሄደው ቨርጂኒያ ውስጥ፣ አሌክሳንድሪያ፣ ከአንድ ቤት ምድር ቤት ነው። አጎትየው በወጣትነታቸው አውሮፕላን ጥገና ላይ የሠሩ፣ ጡረታ ከወጡ ወዲህ ደግሞ የአውሮፕላን ሞዴል በመገጣጠም የሚውሉ ሰው ናቸው። የእህታቸው ልጅ የኮሌጅ ተማሪ ነው፤ እሱ የሚወደው የጃፓን ሮቦቶችንና የካርቱን ገጸ ባሕርያትን ነው። ከሩቅ ምሥራቅ በፖስታ የመጣለትን፣ ከሬዚን (ፈስሶ ከሚደርቅ ፕላስቲክ) የተሠራች የካርቱን ገጸ ባሕርይ ተገጣጣሚ ምስል ያለበትን ሳጥን ይዞ ወርዷል።

አጎት፦ ስንት ከፈልክበት?

ልጅ፦ 35 ዶላር፣ ጋሼ። ከነማስላኪያው።

አጎት፦ እንግዲያው ፎርጂድ ነው።

ልጅ፦ ኧረ ገና ሳይከፍቱት!

አጎት፦ ክፈተውና እንየው። ይኸው፤ የአሠራር መመሪያው ፎቶ ኮፒ ነው፣ እሱም የፎቶ ኮፒ ፎቶ ኮፒ። የቀራጩ ስም የትም የለም። የባለመብቱ ፈቃድ ምልክት የሆነችው ትንሿ ተለጣፊም የለችም። ሳጥኑ ላይ ያለው ፎቶግራፍ እኮ ቀራጩ ራሱ ቀለም ቀብቶ ያነሣው ነው። ሌላ ፎቶ ለማንሣት እንኳ አልደከሙም።

ልጅ፦ አልዋሽዎትም፣ አውቄ ነው የገዛሁት። ግን እስቲ በደንብ ይዩት። አረፋ የለበትም፣ አልተጣመመም፣ የፀጉሯ ጫፍ እንኳ አልተሰበረም። ፎርጂድ ሬዚን ማለት ወንፊት ነው ሲሉኝ ነበር።

አጎት፦ ንጹሕ ነው፣ ልክ ነህ። «ጥራቱ መጥፎ ስለሆነ አትግዙ» የሚሉ ሰዎች ክርክራቸውን አረፋ ላይ ነው የመሠረቱት። አረፋ የሌለው ፎርጂድ የመጣ ዕለት ክርክራቸውም አብሮ ይፈነዳል። እኔ በዚያ በኩል አልመጣብህም። አንድ ነገር ግን ልብ በል፤ ሬዚን ሲደርቅ ይኮማተራል። ፎርማ የሚወጣበት ሲሊከንም እንደ ዓይነቱ ትንሽ ይኮማተራል። ቀራጩ የሚሸጠው ቅጂ ከዋናው ቅርጽ አንድ ጊዜ ብቻ ያነሰ ነው። ፎርጂድ ሠሪው የሚነሣው ካነሰው ቅጂ ነው። ከዚያ ደግሞ ሌላው ይመጣና የፎርጂዱን ፎርጂድ ያወጣል።

ልጅ፦ ለኔ ግን ሲታይ ምንም ልዩነት የለውም።

አጎት፦ ላንተማ አይታይህም። ሁሉም ቁራጭ እኩል ስላነሰ ርስ በርሱ ይገጥማል። ችግሩ የሚመጣው ሬዚኑ ከሌላ ፋብሪካ ፕላስቲክ ጋር መጋጠም ሲኖርበት ነው። ለታንክ ወይም ለአውሮፕላን ተጨማሪ ክፍል የሚሠሩ ትንንሽ አምራቾች አሉ። የነሱ ፎርጂድ ሲሆን ቀዳዳው ሌላ፣ መግቢያው ሌላ ይሆንብሃል፤ ቀኑን ሙሉ ስቱኮ ስትሞላና በብርጭቆ ወረቀት ስትፍቅ ትውላለህ። ደግሞ ማስክህን አድርግ፤ የሬዚን ብናኝ ከኦርጅናሉም ቢመጣ ለሳንባ አይሆንም። ወደ ነገራችን እንመለስ።

ልጅ፦ እሺ። ጥራቱ ካልሆነ ጉዳቱ ምኑ ላይ ነው? አንዱ እቤቱ የሠራውን ሌላው እቤቱ ቀዳው።

አጎት፦ የመጀመሪያው ሰውዬ ምን ምን እንዳደረገ ታውቃለህ?

ልጅ፦ በኮምፒውተር ቀርጾ አተመ፣ ከዚያ ሬዚን አፈሰሰ።

አጎት፦ ቀላል አስመሰልከው። በፈረንጆቹ 1980ዎቹ ጃፓን ውስጥ የተነሡት ልጆች በእጃቸው ነበር የሚቀርጹት። ትልልቆቹ ፋብሪካዎች የሚወዱትን ገጸ ባሕርይ አልሠራ ቢሏቸው ራሳቸው ሠሩት፤ ጋራዥ ኪት የሚባለው እቤት የሚሠራ ተገጣጣሚ ሞዴል ያኔ መጣ። ከ1980ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ ደግሞ ዎንደር ፌስቲቫል የሚባል ገበያ አላቸው፤ ከ1992 ወዲህ የሚያዘጋጀው ካይዮዶ ነው፣ የኦሳካው ኩባንያ። ዛሬ ቺባ ውስጥ ማኩሃሪ መሴ በሚባለው አዳራሽ በዓመት ሁለት ጊዜ ይቆማል፣ አንዱ በክረምታቸው ሌላው በበጋቸው። ሰውዬው ለዚያ ቀን ብሎ ወራት ያጠፋል። ቅርጹን ይጨርሳል፣ ለቀለም የሚያስቸግረውን ቦታ እያየ በቁራጭ በቁራጭ ይከፋፍለዋል፣ መጋጠሚያ ያበጅለታል፣ ይሞላል፣ ይፍቃል፣ ግራጫ ቀለም ነፍቶበት ጭረት ይፈልጋል፣ እንደገና ይፍቃል። አየር የት ሊታፈን እንደሚችል አስቦ ሬዚኑ የሚገባበትንና አየሩ የሚወጣበትን ቦይ ይወስናል። ከዚያ ሲሊከኑን ያፈስሳል፤ ሲሊከን ደግሞ ውድ ነው። ፎርማው ከጥቂት ደርዘን ቅጂ በኋላ ሬዚኑ እየበላው ይቀደዳል፣ ሌላ ያወጣል። ሳጥኑን ያሽጋል፣ መመሪያ ይሥላል፣ ለገበያው ቦታ ይከፍላል፣ ለገጸ ባሕርይው ባለመብት የድርሻውን ይከፍላል።

ልጅ፦ ፎርጂዱን የሚሠራውም እኮ ሲሊከን ይገዛል፣ ሬዚን ያፈስሳል፣ ያሽጋል።

አጎት፦ ማፍሰሱንማ ያፈስሳል። ከዚያ በፊት ያለውን ሁሉ ግን በአንድ ሳጥን ዋጋ ገዛው። አንዱን ኦርጅናል ገዝቷል አይደል? እሷን አንዷን።

ልጅ፦ ጋሼ፣ የኔን ነገር ልንገርዎት። ኦርጅናሉ ወደ 200 ዶላር ይጠጋል። እኔ 200 ዶላር የለኝም። ኦርጅናሉን እንደሆን አልገዛውም ነበር። ስለዚህ ቀራጩ ከኔ ያጣው ነገር የለም። ያልነበረ ገንዘብ አይጠፋም።

አጎት፦ ይህን ሁሉም ይለዋል፣ ያንተ ግን እውነት ሊሆን ይችላል፤ ኪስህን አውቀዋለሁና። እንዲያውም የተሸጠውን ፎርጂድ ሁሉ ቆጥረው «ይህን ያህል ገንዘብ ከሰርን» የሚሉ ኩባንያዎች ያጋንናሉ። የ35 ዶላር ገዢ ሁሉ የ200 ዶላር ገዢ አይደለም። እኔ የምጠይቅህ ሌላ ነው። በዚያ ገበያ በአንድ ቀን ስፍር ቁጥር የሌለው ኪት ይሸጣል። ፎርጂድ ሠሪው ይህችን ለምን መረጠ?

ልጅ፦ ቆንጆ ስለሆነች።

አጎት፦ ቆንጆ መሆኗን በምን አወቀ? እሱ ገጸ ባሕርይዋን ላያውቃትም ይችላል። ያወቀው በር ከተከፈተ በኋላ ወዲያው ስላለቀች ነው። ሰው ተሰልፎባታል፣ ያላገኘው ደግሞ ፎቶዋን እየተቀባበለ ያለቅሳል። ቀራጩ ግን ያንን የማወቅ ዕድል አልነበረውም፤ ገና ሲጀምር ይሸጥልኝ አይሸጥልኝ ሳያውቅ ነው የገባበት። ከዚህች በፊት ያልተሸጡለት አሉ፤ እቤቱ ቁምሣጥን ውስጥ ተደርድረዋል። በኛ በካሴት ጊዜ እንዳየሁት ነው፦ ሙዚቃ ቤቱ ለዘፋኙም ለባንዱም ከፍሎ ዐሥር ካሴት ያወጣል፣ የሚያዋጣው ሁለቱ ነው። ቀጂው ስምንቱን ነክቶ አያውቅም፤ ሁለቱን ብቻ ይቀዳል። አየህ፣ ኪሳራውን ለባለቤቱ ትቶ ትርፉን ብቻ ነው የሚካፈለው።

ልጅ፦ ግን ቀራጩ ሸጦ ጨርሷል እኮ! አልቋል አሉ እርስዎ ራስዎ።

አጎት፦ የመጀመሪያው ዙር አልቋል። ሠላሳም ይሁን አምሳ ሳጥን ሸጠ፤ ያ የሲሊከኑንና የቦታውን ቢሸፍንለት ነው። የሚያተርፈው ሁለተኛውን ዙር ሲያወጣ ነበር፤ ቅርጹ አልቋል፣ መመሪያው ተሥሏል፣ አሁን ማፍሰስ ብቻ ነው። ልክ እዚያ ላይ ፎርጂዱ ይደርሳል። ሰውዬው ለሁለተኛው ዙር ሲዘጋጅ የሚያየው ምስሉ በ35 ዶላር ዓለምን ዞሮ ነው። ስለዚህ የተወሰደበት ይህች አይደለችም፤ እሷማ ተሠርታ አልቃለች። የተወሰደበት ቀጥሎ ሊሠራት የነበረችው ናት። በዚህች ትርፍ ሊደፍራት የነበረችው፣ ማንም የማያውቃት ገጸ ባሕርይ።

ልጅ፦ ለፍቅሩ ብሎ ይሠራታል። እነዚህ ሰዎች ለገንዘብ አይደለም የሚሠሩት።

አጎት፦ ለመቅረጹ ፍቅር ይበቃል። ለማፍሰሱ አይበቃም! አንዱን ቅርጽ አምሳ ጊዜ ማፍሰስ፣ ማጠብ፣ ቁራጭ መቁጠር፣ የጎደለበት ሰው ሲጽፍ መልሶ መላክ፣ ይህን በፍቅር የሚሠራ ሰው አላየሁም። ሰውዬው ሲሰለቸው መቅረጹን አይተውም፤ መሸጡን ይተዋል። ለራሱ መደርደሪያ ይሠራና ያስቀምጣል። አንተ ያንን መቼም አታየውም፣ እንደቀረብህም አታውቅም። ለዚህ ነው ይህ ጉዳት ሰው የማይጮኽለት፤ ያልተሠራ ነገር ፎቶ የለውም።

ልጅ፦ እሺ፣ ይህን ይመልሱልኝ። በዚያ ገበያ የሚሸጠው ፈቃዱ የአንድ ቀን ነው። የገጸ ባሕርይው ባለቤት ለቀራጩ «ለዚያች ቀን፣ በዚያ አዳራሽ ብቻ» ብሎ ነው የሚፈቅድለት። በማግሥቱ ቀራጩ ራሱ ቢሸጥልኝ ሕግ ይጥሳል። እኔ ደግሞ ለዚያች ቀን ቺባ መገኘት አልችልም። ልክፈል ብል እንኳ የምከፍለው ሰው የለም። ታዲያ በሩ ተዘግቶ ሳለ በመስኮት ገባህ ብለው ይወቅሱኛል?

አጎት፦ ይህ ጥሩ ጥያቄ ነው። ቁጭ በል።

ልጅ፦ ቁጭ ብያለሁ።

አጎት፦ ነገሩ ለውጭ አገር ሰው አይመችም፣ አልክድህም። ግን የአንድ ቀኑ ፈቃድ ባይኖር ምን ይሆን ነበር? አንድ ተራ ሠራተኛ ከትልቅ የካርቱን ኩባንያ ሙሉ የንግድ ፈቃድ ሊያገኝ አይችልም፤ ጠበቃ፣ ውል፣ ዋስትና ይጠይቁታል። በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ግን ባለመብቱ «ጥቂት ነው፣ የአድናቂ ሥራ ነው፣ አንድ ቀን ነው» ብሎ ያሳልፈዋል። መላው ነገር የቆመው በዚያ መተማመን ላይ ነው። የዚያ ቀን ሥራ በሺ ተባዝቶ ገበያ ላይ ሲያገኘው ባለመብቱ ማንን ነው የሚጨብጠው? ፎርጂድ ሠሪውን አያገኘውም። የሚያገኘው ስሙን ጽፎ፣ ቅጽ ሞልቶ፣ ፈቃድ የጠየቀውን ልጅ ነው። በሩን የሚያጠብበትም በሱ ነው።

ልጅ፦ ለኔ ግን አሁንም ዝግ ነው።

አጎት፦ ለጊዜው ዝግ ነው። ፈቃዱን አድሰው በሚቀጥለው ገበያ ያንኑ ደግመው የሚያወጡ ብዙ ናቸው፤ እዚያ ሄዶ ገዝቶ የሚልክ አገናኝም አለ። ረጅም ነው፣ ይወደዳል። አንዳንዱ ደግሞ እስከ ወዲያኛው አይመጣም፤ አላገኘሁትም ብለህ ትኖራለህ። እኔ ስንት ያላገኘሁት ኪት አለ መሰለህ?

ልጅ፦ (እየሳቀ) አሁን የርስዎን ኦርጅናሎች ላምጣልዎት? አንብቤ ነው የመጣሁት። ያ የሚያመልኩት የእንግሊዞቹ ኤርፊክስ በ1950ዎቹ ያወጣው የመጀመሪያው የስፒትፋየር አውሮፕላን ሞዴል ከማን ተቀዳ?

አጎት፦ ከአሜሪካኖቹ ከኦሮራ። በ1/48 የነበረውን ወደ 1/72 አሳንሰው። ጎኑ ላይ ያለውን የተሳሳተ ፊደል ጭምር ነው የቀዱት፣ ሞኞቹ።

ልጅ፦ ኦሮራስ? የመጀመሪያዎቹ አውሮፕላኖቹ ከማን መጡ?

አጎት፦ ከሆክ ኩባንያ ተቀድተው። አውቃለሁ። በዚህ ሙያ ንጹሕ የዘር ሐረግ የለም ልትለኝ ነው።

ልጅ፦ ገና አልጨረስኩም። የዴንማርኩ ሌጎ በ1949 ያወጣው የመጫወቻ ጡብ የእንግሊዛዊው የሂላሪ ፔጅ ነው። ኪዲክራፍት የሚባል ኩባንያ ነበረው፤ ዴንማርኮቹ የሱን ጡብ አይተው ነው የሠሩት። ዛሬ ግን ሌጎ ፎርጂድ ሠሪ ያሳድዳል። ሁሉም ሲጀምር ቀድቶ፣ ሲያድግ በሩን ይዘጋል። እኔ ሌላ አላልኩም።

አጎት፦ ያልከው ሁሉ እውነት ነው፣ እኔም አንዱንም አላስተባብልልህም። ኦሮራ በሆክ ላይ ያደረገው ስርቆት ነበር፤ ሰባ ዓመት ስላለፈው ጽድቅ አይሆንም። ግን ታሪኩን እስከ መጨረሻው አንብበው። ሌጎ በ1958 ጡቡ ውስጥ ቱቦዎቹን አስገባና ለዚያ ፓተንት አወጣ፤ ጡቡ ተጨብጦ የሚይዘው በዚያ ነው። የፔጅ ጡብ እንዲያ አይዝም ነበር። በ1981 ደግሞ የኪዲክራፍትን ጡብ መብት ገዙ። ፔጅ ግን በ1957 ሞቷል፤ ለሱ ምን ያደርግለታል? እዚያ ላይ አዝናለሁ። ኤርፊክስም ከዚያች ስፒትፋየር በኋላ የራሱን ሥዕል እየሣለ፣ የራሱን ብረት እየቆረጠ በመቶዎች የሚቆጠር ኪት አወጣ። ያንተ ባለ 35 ዶላር ሰው ቀጥሎ ምን ይሠራል?

ልጅ፦ ማን ያውቃል፣ ነገ የራሱን ይሠራ ይሆናል። ብዙ የቻይና አምራቾች በመቅዳት ነው የጀመሩት ይባላል፣ ዛሬ ግን የርስዎ መደርደሪያ በነሱ ሞልቷል።

አጎት፦ ሞልቷል፣ ያውም እያመሰገንኩ። የተማረው ይመስገን። ግን ኪት ቀድቶ መማርና ቀድቶ መሸጥ ሁለት ነገር ነው። አንተ እዚህ ጠረጴዛ ላይ የአንዱን ሥራ ብትገለብጥ፣ ፎርማ ብታወጣ፣ እንዴት እንደተሠራ ብታይ እኔ ራሴ ሲሊከኑን እገዛልሃለሁ። ደግሞ ምን ተገለበጠ የሚለውም አለ። የጃፓኑ የታሚያ ኩባንያ ሰው ሹንሳኩ ታሚያ የፖርሽ መኪና ሞዴል ልሥራ ብሎ ፖርሽ 911 ገዝቶ ፈታታት፤ ዕውነተኛዋን መኪና! ታንክ ለመለካት ደግሞ እዚሁ አገር፣ ሜሪላንድ አበርዲን ድረስ መጥቷል። ሌላ ኩባንያ ያችኑ ፖርሽ መሥራት ሲፈልግ ሄዶ ይለካ፤ ያ ፉክክር ነው፣ እኛም እናተርፍበታለን። የታሚያን ኪት ገዝቶ ፎርማ ያወጣ ሰው ግን ፖርሿን አላያትም። የቀዳው ሰውዬው በጥፍሩ ቆፍሮ ያገኘውን ነው።

ልጅ፦ ሕጉ እንዲያ ይለያል እንዴ?

አጎት፦ በተወሰነ መልኩ ይለያል። ከሌጎ ጋር የሚገጥም ጡብ መሥራት ዛሬ ወንጀል አይደለም፤ ፓተንቱ አልቋል። በ2010 የአውሮፓ ፍርድ ቤት የጡቡ ቅርጽ የንግድ ምልክት ሊሆን አይችልም ብሎ ለተወዳዳሪዎቹ ፈርዷል። ሌፒን የሚባለው የቻይና ሥራ ግን ሌላ ነበር፤ የሌጎን ስብስቦች ከነሥዕላቸው፣ ከነመመሪያቸው ነበር የሚገለብጠው። በ2019 የሻንጋይ ፖሊስ ያዛቸው፤ በ2020 ፍርድ ቤቱ ዋናውን ሰውዬ 6 ዓመት እስርና 90 ሚሊዮን ዩዋን ቅጣት ፈረደበት። የሠሩት ዕቃ ከ300 ሚሊዮን ዩዋን በላይ ያወጣል ተብሏል።

ልጅ፦ አዩ፣ ሌጎ አልሞተም። ባንዳይም ጋንዳም የተባሉት የሮቦት ኪቶቹ ፎርጂድ በየቦታው እየተሸጠ አልሞተም። በ1980 በ300 የን ጀምሮ ይኸው ዛሬም አለ።

አጎት፦ ባንዳይማ አይሞትም። ያለቀሰልህ ማን ነው? እንዲያውም የኔ ንዴት የሚጀምረው እዚያ ነው። የሚከሰሰው የትልቁን ኩባንያ ዕቃ የቀዳ ነው፤ የሚጎዳው ደግሞ ትንሹ ነው። ሌጎ ሻንጋይ ድረስ ጠበቃ ይልካል፣ ፖሊስ ያስነሣል። ኦሳካ ውስጥ ወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ላይ ሬዚን የሚያፈስስ ሰው፣ ወይም ፖላንድ ውስጥ ከሚስቱ ጋር ሆኖ የታንክ ሰንሰለት የሚሠራ ሰው ማን አለው? ፎርጂዱ ለሚሸጥበት የኢንተርኔት ገበያ ያመለክታል፤ የኔ መሆኑን አረጋግጥ ይሉታል፣ ቅጽ ይሞላል፣ ማስታወቂያው ይነሣል። በሦስተኛው ቀን በሌላ ስም ይመለሳል። ያን ሁሉ ሰዓት ሊቀርጽ ይችል ነበር።

ልጅ፦ ለርስዎ ይህን ያህል የከነከነዎት ለምንድን ነው? እርስዎ የካርቱን ምስል አይሠሩ።

አጎት፦ ና ወዲህ። ይህን ታውቀዋለህ?

ልጅ፦ ቦይንግ ነው። ግን 707 አይደለም፣ አጭር ነው።

አጎት፦ 720። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በፈረንጆቹ 1962 የተቀበለው፣ የመጀመሪያው ጄታችን። ኪቱን የዩክሬኑ ሮደን በ1/144 ሠርቶታል፤ እግዜር ይስጠው። ግን ሳጥኑ ውስጥ አንበሳው የለም፣ አረንጓዴ ቢጫ ቀዩም የለም። የትኛው ትልቅ ፋብሪካ ነው ለኔና ለአሥር ጡረተኛ ብሎ የኢትዮጵያን ዲካል፣ አውሮፕላኑ ላይ የሚለጠፈውን ምልክት፣ የሚያትመው? ያተመልኝ አንድ ሰው ነው፣ እቤቱ። የድሮ ፎቶ እየለቃቀመ፣ የአንበሳውን ጅራት እያጎላ፣ ቀዩ የቱ ቀይ እንደነበረ እየጠየቀ። እኔም የነበሩኝን ሁለት ፎቶዎች ልኬለታለሁ። ደግሞ ተራ ፕሪንተር ነጭ ቀለም አያትምም፤ ነጭ የሚያትመውን አልፕስ የሚባለውን ፕሪንተር ማምረት ካቆሙ ቆይተዋል፣ ሰዎቹ አሮጌውን እየጠገኑ ነው የሚሠሩት።

ልጅ፦ እሱንም ቀዱት?

አጎት፦ ስካን አድርገው። አንበሳው ደብዝዞ፣ አረንጓዴው ወደ ሰማያዊ ሄዶ፣ በግማሽ ዋጋ። ያ ሰው ቀጥሎ የዲሲ-6ን አወጣለሁ ብሎኝ ነበር። አሁን መልእክት ብልክ አይመልስም። በዚህ ብቻ ተወው አልልህም፤ ታሞም ሊሆን ይችላል፣ ሰልችቶትም ይሆናል። ግን ስፒትፋየር መቼም አይጠፋም፤ ቢቀዱትም ቢሰርቁትም ሌላ ፋብሪካ ይሠራዋል። የኛን የሚሠራልን አንድ ሰው ነው፤ እሱ ከተወው የሚተካው የለም።

ልጅ፦ ይህን አላሰብኩትም ነበር። ግን ጋሼ፣ ዘመኑም እየተለወጠ ነው። አሁን ቀራጮች ሬዚን መሸጥ እየተዉ ፋይል ነው የሚሸጡት። በወር ጥቂት ዶላር ትከፍላለህ፣ ፋይሉ ይላክልሃል፣ እቤትህ ታትማለህ። እዚያ ሲሊከን የለ፣ ማሸግ የለ።

አጎት፦ መኮማተርም የለ። የተሰረቀው ፋይልና የተገዛው ፋይል አንድ ናቸው፤ የጥራት ወሬ እዚያ ላይ አለቀላት። ወጥቶ እስኪሰረቅስ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

ልጅ፦ ብዙም አይቆይም። አንዱ ከፍሎ አውርዶ ለሌላው ይሰጣል።

አጎት፦ እና ቀራጮቹ ምን ያደርጋሉ?

ልጅ፦ የሚወዱት ሰዎች መክፈላቸውን አያቆሙም፤ በሱ ይኖራሉ። ዋጋው ትንሽ ስለሆነ ሰው መስረቁን ይጸየፈዋል። እኔ ራሴ ለሁለቱ እከፍላለሁ።

አጎት፦ አንተ?! ለፋይል የሚከፍል ሰው ነው ፎርጂድ ይዞልኝ የመጣው?

ልጅ፦ ሦስት ዶላርና 200 ዶላር አንድ ነው እንዴ? ቀራጩ ፋይሉን በ20 ዶላር ቢሸጥልኝ ዛሬውኑ እገዛዋለሁ። የዋጋውን ነገር እርስዎ ቀለል አደረጉት። በውድነቱ ሰውን ካባረሩት በኋላ ለምን ፎርጂድ ገዛ ማለት...

አጎት፦ እዚህ ላይ ትረታኛለህ። ፋይሉን ቢሸጥ ኖሮ አንተም እሱም ትጠቀሙ ነበር። ባለመብቱ ይፈቅድለት እንደሆነ ግን አላውቅም፤ ፋይል የአንድ ቀን አይሆንም።

ልጅ፦ ታዲያ ይህችን ምን ላድርጋት? ልጣላት?

አጎት፦ ለምን ትጥላለህ? ሥራት። ቀለም ተማርባት፣ ብትበላሽም አያሳዝንህም። ውድድር ላይ ግን አታቅርባት። ሰው ከጠየቀህ ምን እንደሆነች ንገረው። ደግሞ አደራ፣ ሰልችቶህ ስትሸጣት ፎርጂድ መሆኗን ጻፍ። ከሁሉ የከፋው እሱ ነው፤ ሁለተኛ እጅ ገበያ ላይ የኦርጅናል ዋጋ ከፍሎ ፎርጂድ የተሰጠው ሰው ብዙ ነው። ከዚያ በኋላ የሚገዛው ነገር ሁሉ ላይ ጥርጣሬ ይገባዋል፣ ኦርጅናሉን ይዞ የሚመጣውንም ሻጭ አያምነውም።

ልጅ፦ አልሸጣትም። ቀራጩ ሁለተኛውን ዙር ካወጣ ግን በአገናኝ አዝዛለሁ፤ እስከ ገና አጠራቅማለሁ።

አጎት፦ ካላወጣስ?

ልጅ፦ ካላወጣ ምን አደርጋለሁ? ይቺው አለችኝ።

አጎት፦ ካላወጣ ለምን እንዳላወጣ ጠይቀው።

ልጅ፦ ስሙን በምን አውቃለሁ? ሳጥኑ ላይ የለም።

አጎት፦ ፎቶውን ፈልግበት፤ መጀመሪያ የለጠፈው እሱ ነው።

ልጅ፦ በጃፓንኛ ነው የምጽፍለት?

አጎት፦ በእንግሊዝኛ ጻፍለት። አጭር ይሁን። በ35 ዶላር መግዛትህንም እዚያው ላይ ንገረው።